ነጭ ዳቦ በሻይ ወይስ የሽምብራ ንፍሮ?

እናቶቻችን ጠዋት ዳቦ በሻይ ይወዳሉ። ነጭ ዳቦ ግን ቶሎ ይፈጫል፤ ስኳሩ ባንዴ ደም ውስጥ ይገባል። ሻዩ ጣፋጭ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ዕድሜ ሲገፋ ስኳሩን የሚስበው ጡንቻ ይቀንሳል፣ ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት የሚያስገባው ኢንሱሊንም እንደ ድሮው አይሠራም። ስለዚህ ከፍ ያለው ስኳር ቶሎ አይወርድም።

ንፍሮ ሌላ ነው። የሽምብራው አሰርና ፕሮቲን መፈጨቱን ያዘገየዋል፤ ስኳሩ ቀስ እያለ ይገባል። እኔ ብመርጥ ንፍሮውን ነው። ጥርስ ካስቸገረ በደንብ ይብሰል።

አንድ ነገር ግን አደራ! ኢንሱሊን የሚወጉ አዛውንት ስኳራቸው ከ70 ሚሊግራም በታች ወርዶ ካላባቸውና ከተንቀጠቀጡ ንፍሮ አይደርስላቸውም። መዋጥ ከቻሉ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መስጠት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላም እንደገና መለካት ነው።