ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ኮምፒውተር አስቸግሯችሁ ሰው ለምትፈልጉ

ሰላም ጎረቤቶቼ፣ የቱሉ ዲምቱ፣ የኮዬ ፈጬ፣ የገላን ሰዎች። ይህን ሳልጽፍ ብቀር ኮምፒውተሬን የጠገነልኝን ልጅ የበደልኩት ይመስለኛል።

ቤቴ ቁጭ ብዬ የሠርግ ቪዲዮ ነው የማቀናብረው። ጥር እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ የሦስት ሠርግ ሥራ እጄ ላይ እያለ ዴስክቶፔ እምቢ አለ። ማብሪያውን ስጫን ፋኑ ለአንድ ሰከንድ ይዞርና ጥፍት ይላል፣ እንደገና ይዞርና ጥፍት። ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር የሚባለውን፣ ምስሉን የሚያወጣውን ግራፊክስ ካርዴን ነቅዬ የሞኒተሩን ኬብል ማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ ስሰካው ግን በደንብ ይነሳል። ያለ ካርዱ ደግሞ ቪዲዮው እየተንቀረፈፈ ሥራ የሚባል ነገር የለም።

ኬዙን በጋቢ ጠቅልዬ በታክሲ ከተማ ወሰድኩት። ያሳየሁት ቤት ሳይከፍተው "ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፣ ከነፕሮሰሰሩ ቀይሪው" አለኝ። የጠየቁኝን ብር ስሰማ እንባዬ መጣ።

ወደዚህ ልጅ የላከችኝ ጎረቤቴ ናት። ሞባይል ቤቶቹ መሃል ያለች፣ ሁለት ሰው በቅጡ የማታስቀምጥ ሱቅ ናት። ነገሩን ስነግረው "ካርዱ ሲወጣ ይነሳል አይደል? እንግዲያው ማዘርቦርዱ ላይ ቶሎ አንፍረድ እህቴ" አለኝ።

መጀመሪያ ካርዱን የራሱ ኮምፒውተር ላይ ሰካው፤ ምስል መጣ። ከዚያ ወደ እኔው መልሶ ቮልት የሚለካበትን የቴስተሩን ጫፍ ከፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ኃይል ከሚያከፋፍለው ሳጥን) በሚወጣው ቢጫ ሽቦ ላይ አደረገና "እኔ ላብራ፣ ቁጥሩን አንቺ እዪልኝ" አለ። ያለ ካርዱ 11.9 ነበር። ካርዱ ገብቶ ሲበራ 10.6 ደርሶ ጠፋ። ለካ ያ ሽቦ 12 ቮልት ነው፣ ከ11.4 መውረድ የለበትም።

ካርዱ ከማዘርቦርዱ ማስገቢያ የሚያገኘው ቢበዛ 75 ዋት ነው። የእኔው እስከ 125 ስለሚፈልግ ቀሪው በባለ 8 ፒኑ ኬብል ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ ይመጣል። ፓወር ሰፕላዬ ላይ በትልቁ 450 ዋት ተጽፏል። ልጁ በስልኩ መብራት እያበራ ከሥሩ ያለችውን ትንሿን ጽሑፍ አሳየኝ፦ 12 ቮልት፣ 16 አምፔር። ሲባዛ 192 ዋት ብቻ! ካርዱና ፕሮሰሰሩ ይጨርሱታል። በዚያ ላይ በፋኑ ቀዳዳ ሲታይ ሁለት ካፓሲተሮች (ኃይል የሚያጠራቅሙ ትንንሽ ዕቃዎች) አናታቸው አብጧል። ልክፈተው ብዬ እጄን ስሰድ ከለከለኝ፤ ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ ኃይል ይዞ ይቆያል፣ ሰው ይጎዳል።

የራሱን ፓወር ሰፕላይ ከኬዙ ጎን አስቀምጦ ሲያገናኘው ኮምፒውተሩ ተነሳ። እልል ማለት ብቻ ነው የቀረኝ። የሚሸጥልኝ ስላልነበረው ምን ዓይነት እንደምገዛ፣ የ12 ቮልቱ መስመር ስንት አምፔር መሆን እንዳለበት ሳይቀር በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። ገዝቼ ስመለስ ገጠመልኝ። ለዚህ ሁሉ የተቀበለኝ 500 ብር ነው፤ ልጨምርለት ብል እምቢ አለ። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ነቅዬ፣ ከመጣ በኋላ ጥቂት ቆይቼ እንድሰካም መከረኝ። የሰፈራችን መብራት መጥፋትና መምጣት መቼም ለማናችንም አዲስ አይደለም።

ሦስቱም ሠርጎች ለባለቤቶቻቸው ደርሰዋል። ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ፣ እንጀራህ ይስፋ። አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፤ እሑድ የሚከፍተው ከቅዳሴ በኋላ ነው።