ሮክ ውል ኮርኒስ ላይ፦ ከአንድ ዓመት በኋላ

የቤታችን ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ከሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ መቀመጥ አይቻልም ነበር፣ ሌሊት ደግሞ ያ ሁሉ ሙቀት ሾልኮ ይወጣና ብርድ በብርድ። ዝናብ ሲጥልማ መደማመጥ የለም።

መጀመሪያ የገዛሁት የሚያብረቀርቀውን ፎይል ነው። ሻጩ «ይሄ ብቻ ይበቃሃል» አለኝ፣ አመንኩት። ሠራተኛው ኮርኒሱ ላይ አጣብቆ ለጠፈው፣ ለውጡ ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ነገሩ በኋላ ነው የገባኝ። ፎይል በጨረር የሚመጣውን ሙቀት ነው የሚመልሰው፣ ለዚህ ደግሞ ፊቱ ላይ ባዶ የአየር ክፍተት ይፈልጋል። ከሌላ ነገር ጋር ከተጣበቀ ሙቀቱ በንክኪ ያልፋል። ስለዚህ ፎይል አይረባም አልልም፣ አገጣጠሙ ነው ገንዘቤን የበላው።

ቀጥሎ 10 ሳንቲ ውፍረት ያለው ሮክ ውል አስገባሁ። በጣም ወድጄዋለሁ። ድንጋይ ቀልጦ እንደ ቃጫ ተፈትሎ የሚሠራ ስለሆነ አይቀጣጠልም፣ እስከ 1000 ዲግሪ ገደማ ይችላል። ነጩ ፎም ግን ገና 80 እና 100 ዲግሪ መሃል ይለሰልሳል፣ ከኤሌክትሪክ መስመር በላይ እሱን ለማድረግ ልቤ እሺ አላለኝም። የዝናቡ ጩኸትም በጣም ቀንሷል፣ አሁን ልጆቹ ሳይነቁ ያድራሉ።

ሲገጠም ግን አጠገቡ ቁሙ! ሠራተኛው ትርፉን እየጠቀጠቀ ሊያስገባው ሲል አስቆምኩት። ሙቀቱን የሚይዘው በቃጫው መሃል የታሰረው አየር ነው፣ 10 ሳንቲውን ጠቅጥቆ 6 ማድረግ የከፈላችሁበትን ውፍረት መጣል ነው። ከሞራሌዎቹ ክፍተት 1 ሳንቲ ብቻ አስፍተን ስንቆርጠው ያለ ሚስማር ግጥም ብሎ ተቀመጠ።

ስትገዙ በውፍረት ብቻ አትወስኑ፣ እሽጉ ላይ ላምዳ የሚለውን ቁጥር፣ ማለትም ዕቃው ሙቀት ምን ያህል እንደሚያሳልፍ የሚያሳየውን፣ ፈልጉ። ውፍረቱን በሜትር አድርጋችሁ ለእሱ አካፍሉት። የእኔ 0.10 ለ0.037 ሲካፈል 2.7 ይመጣል፣ ይሄ ውጤት ከፍ ያለው ይሻላል።

የማይመቸው ነገር አለው። ከመስታወት ቃጫ ከሚሠራው ግላስ ውል ይከብዳል፣ ቆዳ ያሳክካል፣ ብናኙ ጉሮሮ ይይዛል። ጓንት፣ ማስክና እጀ ረጅም ልብስ የግድ ነው። ውሃ ከጠጣ ደግሞ እስኪደርቅ ድረስ ጥቅም የለውም፣ ስለዚህ የሚያፈስ ቆርቆሮ ካላችሁ መጀመሪያ እሱን አስጠግኑ። ከመሬት ጋር ለሚነካካ ወለል ሮክ ውል አልመክርም፣ እዚያ ውሃ የማይመጠው ጠንካራ ፎም፣ ኤክስፒኤስ የሚባለው፣ ይሻላል።

ባለፈው ፀሐዩ በከረረበት ሰዓት ወንበር ላይ ወጥቼ ኮርኒሱን በመዳፌ ዳሰስኩት። ሁሉም ቦታ እንደ ግድግዳው ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ ወደ ጣሪያ መውጫዋ ክዳን ላይ ስደርስ ግን እንደ ምጣድ ትፋጃለች። እሷን ረስተናት ኖሯል። የተረፈ ቁራጭ አስቀምጫለሁ፣ ቅዳሜ ልኬ እቆርጥላታለሁ።