የአሞራ ገደል ዓሣ ለድመት ግልገል፦ ምን ያህል ይበጃል?

ሐዋሳ ላይ ከመንገድ የተነሳች የድመት ግልገል ቤት ስትገባ መጀመሪያ የሚታሰበው በሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ የአሞራ ገደል፣ ዓሣ ነው። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ የሐይቁ ዓሣ ትኩስና ግልገሎች የሚወዱት ነው። ብቻውን ግን አያሳድግም። ትልቁ ጥቅሙ የፈራችን ግልገል ከቤተሰቡ ጋር ማላመዱና ስሟን ማስተማሩ ነው።

ከመግዛት በፊት ዕድሜዋን መገመት ያስፈልጋል። የወተት ጥርስ ብቅ ማለት የሚጀምረው በ3 ሳምንት ገደማ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለች ግልገል የሚያስፈልጋት ለድመት ግልገል የተዘጋጀ የዱቄት ወተት ነው። የላም ወተት ያስቀምጣታል። ለዓሣ ቢያንስ 6 ሳምንት ቢሞላት ይመረጣል፤ በዚያ ዕድሜ ክብደቷ 600 ግራም አካባቢ ይሆናል።

ከሚሸጡት መካከል ለግልገል የሚሻለው ቆሮሶ (ቲላፒያ) ነው። ሥጋው ነጭና ስብ የማይበዛበት ስለሆነ ሆድ ላይ አይከብድም። ችግሩ እሾሁ ነው። ፊሌቶ ተደርጎ እንኳ በጭንቅላቱ በኩል ባለው ግማሽ፣ መሃል ለመሃል፣ ቀጫጭን እሾሆች ተሰልፈው ይቀራሉ። በጣት ጫን ብለው ሲዳስሱት ይቆረቁራል፤ ያንን መስመር ግራና ቀኙን በቢላ ቆርጦ ማውጣት ነው። አምባዛ ቅርፊት የለውም፣ ቅባቱ ግን ከቆሮሶ ስለሚበልጥ ለአዲስ ሆድ ሁለተኛ ምርጫ ነው። ሙሉ ዓሣ የሚገዛ ሰው ዓይኑ የጠራና ያልሰረጎደ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሳ መሆኑን ይይ። በማለዳ መሄድ ይሻላል፤ ፀሐይ ከበረታ በኋላ ዓሣ ቶሎ ይበላሻል።

እዚያው ሐይቁ ዳር ዓሣ በጥሬው የሚበላ ሰው ሞልቷል። ለግልገሏ ግን ጥሬ አይሰጥም። አንደኛ፣ ጥገኛ ትል ሊኖርበት ይችላል። ሁለተኛ፣ በአንዳንድ ጥሬ ዓሣ ውስጥ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ኢንዛይም አለ፤ እየተደጋገመ ሲበላ ድመቷን ያንገዳግዳታል፣ ሲብስም ያንቀጠቅጣታል። ሙቀት ሁለቱንም ያጠፋል። ከምግብ ቤት የተረፈ ለብለብም አይሆንም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ይጎዳሉ፣ በርበሬውና ጨውም ተጨማሪ ጣጣ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። 200 ግራም ፊሌቶ ድስት ውስጥ አድርጎ እስኪሸፈን ብቻ ውኃ መጨመር፤ ጨውም ዘይትም አይገባም። ሥጋው ነጭ ሆኖ በሹካ ሲነካ እስኪፈረካከስ፣ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ በለስላሳ እሳት ማብሰል። ውኃው አይደፋ፤ ለድመት ልብና ዓይን የግድ የሚያስፈልገው ታውሪን ሲቀቀል ወደ ውኃው ይወጣል። ሲቀዘቅዝ በጣት እየፈተጉ እሾህ መቅረት አለመቅረቱን እንደገና ማየት ይገባል። ፍሪጅ ውስጥ ከ2 ቀን በላይ አይቆይ፤ የተረፈውን በበረዶ መሥሪያው ሳህን ከፋፍሎ ማቀዝቀዝ ይቻላል።

መጠኑ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። በቀን አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ቀሪው በቀን 4 ጊዜ የሚሰጥ የድመት ግልገል ደረቅ ምግብ ይሁን፤ ያንኑ የዓሣ መረቅ አፍስሶ ማለስለስ ነው። እሾሁ የወጣለት ሥጋ ካልሲየሙ በጣም ትንሽ ስለሆነ ዓሣ ብቻ የበላች ግልገል አጥንቷ ይሳሳል። ዓሣ ብቻ የለመደች ደግሞ ሌላውን አሻፈረኝ ትላለች፣ ያን ማስተውም አድካሚ ነው።

አሁን ወደ ስሙ። በአማርኛ ድመት ስንጠራ «ነይ» ወይም «ና» ማለታችን ስለማይቀር ጾታውን ቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ትንሽ ነገር ሁሉ በአንስታይ ስለሚጠራም ወንዱ ለወራት «እሷ» ሲባል ይከርማል። ጅራቱን ቀና አድርጎ ማየት ነው፤ ወንድ ከሆነ ሁለቱ ቀዳዳዎች እንደ ሁለት ነጥብ (፡) ተራርቀው ይታያሉ፣ ሴት ከሆነች ከነጥቡ ሥር ተጠግታ አጭር ቀጥ ያለች መስመር አለች። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲሆን ልዩነቱ ይጎላል። ነጭ፣ ጥቁርና ብርቱካንማ የተቀላቀለባት ማለት ይቻላል ሁሌም ሴት ናት።

«ውሮ» የሰፈሩ ድመት ሁሉ ስም ነው፤ «ሚሚ» ደግሞ የቤቱ ልጅ መጠሪያ ሊሆን ይችላል። አጭር፣ ከቤተሰቡ ስም ጋር የማይምታታ ይመረጥ። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት ድመቶች ስማቸውን ከሌላ ቃል ለይተው እንደሚሰሙ አሳይተዋል፤ ስለዚህ ልፋቱ ከንቱ አይደለም። ወለል ላይ ቁጭ ብሎ ስሟን አንድ ጊዜ መጥራት፣ ወዲያው ከዕለቱ ማንኪያ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል ዓሣ መስጠት፤ በአንድ ጊዜ 5 ያህል ይበቃል፣ በቀን 2 ጊዜ። እየተቆጡ ስሟን መጥራት ያበላሸዋል፤ ሁለተኛ ስትጠራ ትደበቃለች።

ዓሣው በማንኪያ ጫፍ ይሰጥ፣ በተለይ ልጆች ሲሰጡ። የራባት ግልገል ጣትና ዓሣ አትለይም፣ ከመንገድ የመጣች ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖርባት ይችላል። ከነከሰች ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

ለምግብነቱ ከ5 3፣ ለማላመድና ስም ለማስተማር ሙሉ 5 እንሰጠዋለን። «ቆሮሶ» ራሱም ለወንድ ግልገል ያማረ ስም ነው፤ ዓሣ በተነሳ ቁጥር ከተፍ እንደሚል ግን አስቀድሞ ይታወቅ።