ሲመሽ የሚጠፋው ካሜራ፦ የዋይፋይ ካሜራ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ለገጣፎ ዳር ባለው ግቢያችን ሦስት የዋይፋይ ካሜራዎች ሰቅለን መጠቀም ከጀመርን ወራት ተቆጥረዋል። አንዱ በረንዳ ላይ፣ አንዱ ጓሮ፣ አንዱ የውጭው በር ላይ ነው። መርካቶ ሱቅ ለሱቅ ሲዞሩ የሚያገኟቸው ዓይነት ናቸው፤ የካርቶኑ ስም ይለያያል እንጂ አሠራሩ ያው ነው። በ5 ቮልት ቻርጀር ይሠራሉ፣ ሚሞሪ ካርድ ይወስዳሉ፣ በስልክ ይታያሉ። ምስላቸው ለዋጋቸው ከበቂ በላይ ነው። ቀን ላይ በር የሚያንኳኳውን ሰው ፊት ቁልጭ አድርገው ያሳያሉ። ልብ የሚያወልቀው ግንኙነታቸው ነው።

የበሩ ካሜራ ደግሞ የባሰበት ነበር። ቀኑን ሙሉ ሰላም ይውላል። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ኦፍላይን ብሎ ቁጭ! ባለቤቴ “ሌባው ማታ ነው የሚመጣው፤ ያንተ ካሜራ ደግሞ የቀን ሠራተኛ ነው” አለችኝ። ሻጩ ጋ ስደውል መልሱ ሁሌም አንድ ነው፦ “ኔትወርክ ነው ወንድሜ።” እዚህ አገር ያልታወቀ ችግር ሁሉ ስሙ ኔትወርክ ነው።

ነገሩ የገባኝ አንድ ምሽት በሩ ሥር ቆሜ ጆሮዬን ስሰጠው ነው። ጠቅ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጠቅ። ይህ ድምፅ ካሜራው ከቀን ወደ ሌሊት እይታ ሲቀየር ከሌንሱ ኋላ የምትንቀሳቀሰው ማጣሪያ ድምፅ ነው። ጤነኛ ካሜራ ሲጨልም አንዴ ጠቅ ብሎ ዝም ይላል። የእኔው ግን እየጠፋ እየተነሳ ነበር። ሲጨልም የኢንፍራሬድ መብራቶቹ (በጨለማ የሚያሳዩት፣ ለዓይን የማይታዩት) ይበራሉ፤ ያኔ የሚስበው ኃይል ይጨምራል። ቻርጀሩ የተሰካው ሰርቪስ ቤት ነው፤ ከዚያ እስከ በሩ የተዘረጋው ቀጭን የዩኤስቢ ገመድ ነው። ቀጭን ገመድ ሲረዝም ደግሞ ከ5 ቮልቱ ላይ መንገድ ላይ ይበላል። ቀን የተረፈው ይበቃዋል፤ ማታ አይበቃውም።

መፈተኛው ቀላል ነው። አፑ ውስጥ ገብታችሁ የሌሊት እይታውን ለአንድ ሌሊት አጥፉት። ምስሉ ጨለማ ሆኖ ግንኙነቱ ካልተቋረጠ ችግሩ የኃይል ነው፤ ራውተሩን አትነካኩት። እኛ ኤሌክትሪሺያን ጠርተን 220ውን በቱቦ እስከ በሩ አስዘረጋን፣ ቻርጀሩን ውኃ በማያስገባ ሣጥን ውስጥ አደረግን፣ ከካሜራው ጋር በመጣው አጭር ገመድ አገናኘነው። ስታቢላይዘር ግዛ ያለኝም ነበር። ቻርጀሩ ጀርባ ላይ ግን 100-240 ቮልት ይላል፤ ማታ መብራት ደከም ቢልም ይችለዋል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ከማታው ጣጣ ተገላገልን። አልፎ አልፎ መቆራረጡ ግን ቀጠለ። ይሄኛው በእርግጥ ኔትወርክ ነበር። አብዛኞቹ ርካሽ ካሜራዎች የሚይዙት የ2.4 ጊጋኸርዙን ዋይፋይ ብቻ ነው። እሱ ብሎኬት ግድግዳ አልፎ ይሄዳል፤ እየደከመም ቢሆን። ቆርቆሮ ግን ይመልሰዋል። የዳር ከተማ ግቢ ደግሞ አጥሩ ቆርቆሮ፣ በሩ ላሜራ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። አንዳንድ አፖች የሲግናሉን ጥንካሬ በኔጌቲቭ ቁጥር ያሳያሉ፤ -50 አካባቢ ግሩም ነው፣ ከ-75 ወደ -80 ሲጠጋ መቆራረጥ ይጀምራል። የእኛው -80ን ታክኮ ነበር። ካሜራውን ከቆርቆሮው ከፍታ በላይ ሰቀልነው፤ ራውተሩን ከቁም ሳጥኑ ኋላ አውጥተን መስኮት አጠገብ አስቀመጥነው። ወደ ስልሳዎቹ ተመለሰ። ለዚህች ሳንቲም አላወጣንም።

ኤክስቴንደር፣ ማለትም የዋይፋዩን ሲግናል ተቀብሎ የሚደግም ዕቃ፣ ብዙ ሰው ይመክራል። ሲግናሉ የሞተበት ቦታ ላይ ከሰካችሁት የሞተውን ነው የሚደግመው፤ ከቤትና ከካሜራው መሃል መሆን አለበት። ከተቻለ የኔትወርክ ገመድ ዘርግቶ ጫፉ ላይ ሁለተኛ ራውተር መስቀል ይሻላል፤ ገመዱ እስከ 100 ሜትር ይሄዳል። የጎረቤት ዋይፋይ በሚበዛበት ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ደግሞ የራውተሩን ቻናል (ዋይፋዩ የሚሄድበትን መስመር) ከ“አውቶ” አውጥተው 1፣ 6 ወይም 11 ላይ ያቁሙት፤ ራውተሩ ቻናል በለወጠ ቁጥር መንገድ የሚጠፋው ካሜራ አለ።

ሌላው መብራት ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ካሜራው ከራውተሩና ኢንተርኔቱን ቤት ከምታስገባው የፋይበር ሣጥን ቀድሞ ይነሳል። ዋይፋዩን ይፈልጋል፣ ያጣዋል። የበረንዳው እየደጋገመ ሲሞክር ያገኘዋል። የጓሮው ግን አኩርፎ ይቀራል፤ ነቅሎ መሰካት የግድ ነው። መፍትሔው ሚኒ ዩፒኤስ ሆነ፤ ራውተሩንና ፋይበሩን በባትሪ ያቆያል። ስትገዙ የራውተራችሁን ጀርባ አንብቡ። 9 ቮልት የሚለውን 12 ላይ መሰካት ራውተሩን መሰናበት ነው። ካሜራዎቹ ራሳቸው ግን መብራት ሲሄድ ይጠፋሉ፤ እነሱንም ባትሪ ላይ ማድረግ ሌላ ወጪ ነው።

ክረምቱን ሁሉ ሰው በዝናቡ ሲያመካኝ ሰማሁ። በአንድ ግቢ ርቀት ዝናብ ዋይፋይን ያን ያህል አይጎዳውም። የሚጎዳው ገመዱ መጋጠሚያ ውስጥ የሚገባው ውኃ ነው። የጓሮውን መጋጠሚያ ስከፍተው አረንጓዴ ዝገት ይዞ አገኘሁት።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልረሳው፤ ኦፍላይን ማለት ሁልጊዜ ካሜራው ሞቷል ማለት አይደለም። ከቢሮ በሞባይል ዳታ ሳይታይ ቀርቶ ቤት ዋይፋይ ላይ የሚታይ ከሆነ፣ የተቋረጠው ኢንተርኔቱ ነው። ሚሞሪ ካርድ ካለው ያኔም እየቀዳ ነው። ስለዚህ ያለ ካርድ አትስቀሉት።

ዛሬ ብጠየቅ ለበረንዳና ለጓሮ ያንኑ ዕቃ ደግሜ እገዛለሁ። ለውጭው በር ግን ኃይሉንም ምስሉንም በአንድ የኔትወርክ ገመድ የሚያስኬደውን ዓይነት ነው የምመርጠው። ኤሌክትሪሺያን መጥራታችሁ፣ ቱቦ መቅበራችሁ ካልቀረ፣ ዋይፋይ መሆኑ ምን ጠቀማችሁ? ከአፑ ጋር ያለኝ ጠብ ግን አልበረደም፤ በከፈትኩት ቁጥር ቅጂውን በኢንተርኔት ለማስቀመጥ በዶላር ክፈል እያለ ይነዘንዘኛል።