ማስቶዶን፦ ጭር ያለው ማኅበራዊ ሚዲያ እንዴት ይለመዳል?

ማስቶዶንን ከፍቶ ወዲያው የሰለቸ ሰው አይፈረድበትም። ገና ሳትገቡ ሰርቨር፣ ማለትም አካውንታችሁ የሚቀመጥበትን ኮምፒውተር፣ ምረጡ ይላል። መርጣችሁ ስትገቡ ዋናው ገጽ ጭር ብሏል፤ የምታውቁትን ሰው ብትፈልጉም ላይመጣ ይችላል። ፌስቡክና ቲክቶክ አካውንቱ በተከፈተ ቅጽበት ቪዲዮ መደርደር ስለሚጀምሩ፣ ይህ ዝምታ የተበላሸ ነገር ያስመስለዋል። ግን አልተበላሸም። ማስቶዶን ዋናውን ገጽ የሚሞላላችሁ አልጎሪዝም የለውም። የምትከተሏቸው ሰዎች የጻፉትን ወይም ያጋሩትን በጊዜ ቅደም ተከተል ያሳያል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር በራሱ አይጨምርም። ማንንም ካልተከተላችሁ የምታዩትም የለም።

ማስቶዶንን ኦይገን ሮችኮ የተባለ ፕሮግራመር በ2016 ለቀቀው። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ማንም በራሱ ኮምፒውተር ላይ ሊያስነሳው ይችላል። በዚህ ምክንያት አንድ ባለቤት ያለው ድረ ገጽ ሳይሆን እርስ በርስ የሚነጋገሩ የብዙ ሰርቨሮች መረብ ነው። ነገሩ ከኢሜይል ጋር ይመሳሰላል፦ እናንተ አንዱ ጋ፣ ወዳጃችሁ ሌላው ጋ አካውንት ቢኖራችሁም ትጻጻፋላችሁ። የሰው አድራሻም የተጠቃሚ ስሙንና የሰርቨሩን ስም አንድ ላይ ይይዛል። በስሙ ብቻ ፈልጋችሁ ካላገኛችሁት ሙሉ አድራሻውን ፍለጋው ላይ ለጥፉት፤ ብዙውን ጊዜ ይመጣል።

ሰርቨር መምረጥ የሚፈራውን ያህል ከባድ አይደለም፣ ግን ዝም ብሎ አይገባም። ከመመዝገባችሁ በፊት የሰርቨሩን «ስለ እኛ» ገጽ ክፈቱ፦ ማን ያስተዳድረዋል፣ ደንቡ ምን ይላል፣ የትኞቹን ሰርቨሮች አግዷል። ጥቂት ሰዎች ብቻ ያሉበትን ሰርቨር ለጀማሪ አልመክርም። አንድ ሰርቨር በዋናነት የሚያመጣው ከውስጡ ያሉ ሰዎች የሚከተሏቸውን አካውንቶች ፖስት ነው። አሥር ሰው ያለበት ሰርቨር ላይ ሃሽታግ ብትፈልጉ ሌላው ጋ መቶ ፖስት ያለው ርዕስ ሦስት ፖስት ብቻ ሊያሳያችሁ ይችላል። ብዙዎች «እዚህ ሰው የለም» ብለው የሚወጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ባዶውን ገጽ የሚሞላው ሃሽታግ ነው። ከስሪት 4.0 ጀምሮ ሃሽታግን ልክ እንደ ሰው መከተል ይቻላል፦ ፈልጋችሁ ስትከፍቱት ከላይ የመከተያ ቁልፍ አለ። በምትወዷቸው ርዕሶች አሥር ያህል ተከተሉ፤ ከዚያ ከሚመጡት ፖስቶች ጥሩ ጥሩ ጸሐፊዎችን እየመረጣችሁ ሰዎቹን ራሳቸውን ተከተሉ። በአማርኛ ሃሽታግ ስትጠቀሙ ግን ሞክሼ ፊደላትን አትርሱ። «ፀሐይ» እና «ጸሐይ» ለእኛ አንድ ቃል ናቸው፤ ለማስቶዶን ሁለት ሃሽታጎች ናቸው። ሁለቱንም መከተል ይሻላል።

ሌላው ከሌሎች መድረኮች የሚመጣ ልማድ ላይክ ነው። እዚህ ኮከቡን መንካት ጸሐፊውን ያስደስታል እንጂ ፖስቱን ወደ ተከታዮቻችሁ ገጽ አያደርሰውም። ወደ እነሱ የሚያደርሰው ማጋሪያው ነው። ሁሉም ላይክ ብቻ አድርጎ ካለፈ ጥሩ ጽሑፍ እዚያው ይቀራል።

ለአማርኛ ጸሐፊ አንድ ትርፍ አለው። መደበኛው የፖስት ወሰን 500 ቁምፊ ነው፤ አንድ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም ይዞ እንደ አንድ ስለሚቆጠር በላቲን ከሚጻፍ ቋንቋ የበለጠ ሐሳብ ይይዛል። ሊንክ የቱንም ያህል ቢረዝም 23 ብቻ ይቆጠራል። የሌላ ሰርቨር ሰው ስትጠሩ ደግሞ የሰርቨሩ ስም አይቆጠርባችሁም።

ማጣሪያው ከሁሉ የበለጠ ሊመሰገን የሚገባው ክፍል ነው። መስማት የማትፈልጉትን ቃል አስገብታችሁ ለ30 ደቂቃ፣ ለአንድ ቀን፣ ለሳምንት ወይም ለዘለቄታው መደበቅ ትችላላችሁ። የጨዋታ ውጤት ቀድሞ እንዳይነገራችሁ ለምትፈልጉ ግሩም ነው። ችግሩ የተሠራው አማርኛን አስቦ አለመሆኑ ነው። «ሙሉ ቃል» የሚለውን ምርጫ ካላጠፋችሁት «ኳስ» ብላችሁ አስገብታችሁ «የኳስ» እና «ለኳስ» ሾልከው ያልፋሉ። ብታጠፉትም «ኳሱ» እና «ኳሶች» አይያዙም፤ «ስ» ወደ «ሱ» እና «ሶ» ስትቀየር ለኮምፒውተሩ ሌላ ፊደል ናትና። ስለዚህ ሦስቱንም አንድ ማጣሪያ ውስጥ ለየብቻ አስገቧቸው።

ያልወደድኩት ነገርም አለ። ከሌላ ሰርቨር በመጣ ፖስት ሥር ያሉ ምላሾች ብዙ ጊዜ ጎደሎ ናቸው። አዳዲሶቹ ስሪቶች ይህን እያሻሻሉት ነው፤ እስከዚያው ግን መልስ ከመስጠታችሁ በፊት ፖስቱን በመጀመሪያው ሰርቨር ላይ ክፈቱት፣ አለዚያ ሃያ ሰው ያለውን ደግማችሁ ትላላችሁ። ፍለጋም ደካማ ነው፦ የማንኛውንም ሰው ይፋዊ ፖስት በሙሉ ጽሑፉ መፈለግ የተቻለው በ2023 በወጣው ስሪት 4.2 ነው፣ እሱም ሰርቨሩ ካበራውና ጸሐፊው በግላዊነት ሴቲንጉ ከፈቀደ ብቻ።

ከሁሉ የሚያስፈራው የግል መልእክት የሚመስለው ነገር ነው። ታይነቱ ለተጠሩት ሰዎች ብቻ የተደረገ ተራ ፖስት እንጂ የተመሰጠረ መልእክት አይደለም። የሰርቨሩ አስተዳዳሪ ማንበብ ይችላል። ይባስ ብሎ፣ ስለ ሦስተኛ ሰው እያማችሁ አድራሻውን በሙሉ ከጻፋችሁ መልእክቱ ለእሱም ይደርሰዋል። ምስጢር ያለው ሰው ሌላ ቦታ ይጻፍ።

ሰርቨሩ ካልተስማማችሁ መልቀቅ ይቻላል። መጀመሪያ አዲሱን አካውንት ክፈቱ፤ በአዲሱ ሴቲንግ ውስጥ የድሮውን አድራሻ እንደ ተለዋጭ ስም መዝግቡ፤ ከዚያ ከድሮው ሆናችሁ የማዛወሪያውን ትእዛዝ ስጡ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ አይሠራም። ተከታዮቻችሁ በራሳቸው ይዛወራሉ። የምትከተሏቸውን፣ ያገዳችኋቸውንና ያስቀመጣችኋቸውን ፖስቶች ግን በፋይል አውርዳችሁ አዲሱ ላይ መጫን የእናንተ ሥራ ነው። የጻፋችሁት አብሮ አይሄድም፤ ቅጂውን ማውረድ ቢቻልም አዲሱ ሰርቨር መልሶ አይቀበለውም። እንደገና ለመዛወር ደግሞ 30 ቀን ትጠብቃላችሁ። የማዛወሪያው ትእዛዝ የሚነሳው ከድሮው ሰርቨር ስለሆነ፣ ሰርቨሩ ሳይነግራችሁ ከተዘጋ ተከታዮቻችሁን የምትመልሱበት መንገድ የለም። ሊዘጋ ነው የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ በዚያው ቀን ውጡ።