አዋላጅ ወይስ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም?

እርግዝናው ጤናማ ከሆነ አብዛኛውን ሥራ አዋላጇ ራሷ ትወጣዋለች፤ የደም ግፊት ትለካለች፣ የጽንሱን የልብ ምት ታዳምጣለች፣ በምጥ ጊዜም የማህፀን በር አከፋፈትን ትከታተላለች። ቀዶ ሕክምና ግን የሐኪሙ ድርሻ ነው፤ እናቲቱ ከፍተኛ የደም ግፊት ወይም የስኳር በሽታ ካለባትም ክትትሉ ወደ እርሱ ይዞራል።

ለእኔ የአዋላጇ ብልጫ ጎልቶ የሚታየው ከወሊድ በኋላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ቢያንስ 4 ጊዜ ክትትል እንዲደረግ ይመክራል። በእነዚህ ቀጠሮዎች የደም መፍሰስን፣ ትኩሳትን፣ ጡት ማጥባትንና የእናቲቱን ስሜት (ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል) በእርጋታ ለመጠየቅ አዋላጇ ትመቻለች። ደግሞም ሐኪም መምረጥ አዋላጇን አያስቀርም፤ በብዙ ሆስፒታሎች የምጡን ረጅም ሰዓት ከወላዷ ጋር የምታሳልፈው እርሷው ናት።