ባለ 15 ኢንቹ ሞንታርቦ፣ ከሰባት ወር አገልግሎት በኋላ

መጀመሪያ ስሙን እናጥራው። እኛ አገር ትልቅ ስፒከር ሁሉ «ሞንታርቦ» ነው። ሞንታርቦ የጣሊያን ፋብሪካ ስም ነው፤ የኛዎቹ ግን ጣሊያንን በዓይናቸው አላዩም። ከመርካቶ የገዛናቸው፣ የቻይና ሥሪት የሆኑ፣ አምፕሊፋየራቸው አብሮ የተገጠመላቸው ሁለት ባለ 15 ኢንች ስፒከሮች ናቸው። የንግድ ስማቸውን አልጽፍም፤ ከዚህ በታች ከማነሳው ስሞታ ግማሹ የዕቃው ቢሆንም ግማሹ የራሳችን ነው። ከነማቆሚያቸው፣ ከአንድ የእጅ ማይክና ኮት ላይ ከሚሰካ ሌላ ገመድ አልባ ማይክ ጋር 92 ሺህ ብር ከፍለናል።

ከአዲስ አበባ ዳር የምንገኝ፣ እሁድ እሁድ 150 ያህል ሰው የሚሰበሰብብን የወንጌል አማኞች አጥቢያ ነን። አዳራሹ 20 ሜትር በ12 ነው። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒስ የለውም። ክረምት ዝናቡ ሲወርድ ሰባኪው ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ከዚያ ጋር የሚወዳደር ዕቃ ገና አልተሠራም። እኔ በአዘቦት ቀን የኤሌክትሪክ ዕቃ እጠግናለሁ፤ እሁድ ከሚክሰሩ (ከድምፅ መቆጣጠሪያው) ኋላ እቀመጣለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ሰው ዞር ብሎ የሚያየኝ ማይኩ ሲፎጭ ብቻ ነው።

የተገዛበት ምክንያት በቃለ ጉባኤው ላይ በግልጽ ተጽፏል፦ «ከኋላ የሚቀመጡ አረጋውያን ስብከቱን መስማት ስላልቻሉ።» አረጋውያን ይበል እንጂ በሁላችንም ልብ ውስጥ የነበሩት አንዲት እናት ናቸው። ሰማንያ ገደማ ናቸው፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸውና ቶሎ ቶሎ ስለሚወጡ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር አይነሱም። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ሰባኪውን ጉንጩን ስመው፣ «ጌታ ይባርክህ ልጄ፤ ዛሬም አልሰማሁህም» ይሉታል። እሳቸውን አስቦ ያልሰጠ ሰው አልነበረም። ሊስትሮ የሚሠራ አንድ ልጅ 200 ብር አምጥቶ «ለእማማ ጆሮ» ብሎ አስመዝግቧል።

ስለ ዕቃው በጎ በጎውን ልናገር። ጉልበት አለው፤ ግማሽ እንኳ ሳንከፍተው አዳራሹን ይሞላል። አራት ሰዓት ሙሉ ሠርቶ አይግልም። በጄኔሬተርም ይሠራል፤ ነገር ግን መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚመጣው መብራት ያው የምታውቁት ነው። በሁለተኛው ወር ፊውዙ ተቃጠለ፤ ስታቢላይዘር ሳትገዙ እንዳትሰኩት። ክብደቱ አንዱ ሃያ ኪሎ ያልፋል፤ ጎማ ስለሌለው ለሁለት ይሸከሙታል። ዘማሪዎቹ ቤዙን ሲሰሙ እልል አሉ። እኔም፣ እውነቱን ልናገርና፣ የመጀመሪያው እሁድ ላይ ደረቴን ነፍቼ ነው የዋልኩት።

እማማ ግን አልሰሙም። እንዲያውም ባሰባቸው። ሄጄ አጠገባቸው ተንበርክኬ ጠየቅኳቸው። «ድምፁማ ይሰማኛል ልጄ፤ አናቴን ይወቅረኛል። የሚለው ነው የማይገባኝ» አሉኝ።

ይህን እኔ ቀድሜ ማወቅ ነበረብኝ፤ ሥራዬ ነውና። ሰው ሲያረጅ ጆሮው መጀመሪያ የሚተወው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው። ቃልን ከቃል የሚለዩት «ስ»፣ «ሽ»፣ «ፍ»፣ «ት» ደግሞ እዚያው ቀጭኑ ዘንድ፣ ከ2 ሺህ ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው) ወዲያ ይበዛሉ። ወፍራሙ ድምፅ ጉልበት ይሰጣል፤ ትርጉም የሚሸከመው ቀጭኑ ነው። እኛ ያደረግነው ቤዙን ከፍቶ ቆርቆሮው ላይ መልቀቅ ነው፤ ቆርቆሮው ደግሞ ተቀብሎ መልሶ ይረጨዋል። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በማኅበር መካከል የሚገቡ አምስት ቃላት በልሳን ከሚነገሩ እልፍ ቃላት ይሻሉኛል ብሎ ነበር። እኛ በአማርኛ እየሰበክን እልፉን ነው የመረጥነው።

ውስጥ ያልተሰማው ውጭ በደንብ ይሰማ ነበር። ለኮንፈረንሱ ጊዜ ሰው ስለተትረፈረፈ አንዱን ሞንታርቦ በሩ ላይ ወደ መንገዱ አዙረን አቁመን ነበር። ኮንፈረንሱ አለቀ፤ ሞንታርቦው ቀረ። ማን እንዲቀር እንደወሰነ እስካሁን አላውቅም። ቤዝ ቆርቆሮ አያቆመውም፤ እንኳን ቆርቆሮ ብሎኬትም በቅጡ አያቆመውም። አንድ እሁድ ስልኬ ላይ የድምፅ መለኪያ ጭኜ ከመንገዱ ማዶ ሱቁ ደጃፍ ላይ ብለካው 74 ዴሲቤል አለኝ። የስልክ ልኬት እንደ መሣሪያ አይታመንም፤ ይሁንና የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 ለመኖሪያ አካባቢ ከደጅ ያስቀመጠው መመሪያ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ነው። 10 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ለጆሮ እጥፍ ያህል ይሰማል። አስሉት።

ያን ሰሞን አቤት ያለ ጎረቤት አልነበረም። «ማንም ምንም አላለም» እያልን እርስ በርስ እንጽናናለን። ኋላ እንደሰማሁት ከአጥራችን ጋር የምትዋሰን አንዲት ነርስ አለች፤ ሌሊት ሠርታ ጠዋት 2 ሰዓት ትገባለች፤ 3 ሰዓት ላይ እኛ እንጀምራለን። ለምን አልነገርሽንም ስላት፣ «በእግዚአብሔር ነገር ምን ይባላል ብዬ» አለችኝ። እንግዲህ ዝም ያሰኛት ፈሪሃ እግዚአብሔር ነው፤ እኛ ደግሞ ዝምታዋን እንደ ፈቃድ ቆጠርነው። መጽሐፈ ምሳሌ ባልንጀራውን በማለዳ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚባርክ ሰው እንደ ተራጋሚ ይቆጠርበታል ይላል። ይህን ጥቅስ በመድረካችን ላይ ሲሰበክ ሰምቼ አላውቅም።

አሁን ወደ ኮት ማይኩ ልምጣ፤ የዕቃው ዋናው ጉድለት ያለው እዚህ ላይ ነው። ድምፁ ተዘግቶም ተከፍቶም መብራቱ ያው አረንጓዴ ነው። ልዩነቱን የምታውቀው በመናገር ብቻ ነው። ካርቶኑ ላይ «እስከ 50 ሜትር ይዘልቃል» ይላል። ይዘልቃል፤ እኔ ምስክር ነኝ።

ከፕሮግራም በኋላ ሽማግሌዎች ከአዳራሹ ጀርባ ባለችው ቢሮ ተሰበሰቡ። መጋቢው ማይኩ ኮቱ ላይ እንደተሰካ ገባ። እኔ የውስጡን ሞንታርቦ አጥፍቻለሁ፤ የበሩን ረስቼዋለሁ። ውጭ ቆሜ ገመድ ስጠቀልል በድንገት ሰፈሩ በሙሉ በሽማግሌዎቻችን ድምፅ ተሞላ። የሚጨቃጨቁት ስለ ምን መሰላችሁ? ስለዚያው ስለ በሩ ሞንታርቦ። አንደኛው፣ «ወንጌል አፉ አይታሰርም፤ ሰፈሩ ይስማ!» ይላሉ። ሁለተኛው፣ «ሰው አስለቅሰን ምን ዓይነት ወንጌል ነው?» ይላሉ። ከዚያ ወደ ቦታ ግዢው ተሻገሩ፤ ከዚያ ከአራት ዓመት በፊት ወደነበረው የመዘምራን ጉዳይ። እኔ ሚክሰሩ ጋ እስክደርስ የመጨረሻው ወጣ፦ «ከእንግዲህ ከአንተ ጋር የጌታን እራት አልቆርስም!» አዝራሩን ስጫን መንገዱ ላይ ባጃጅ እንኳ የቆመ መሰለኝ።

እነሱ ምንም አላወቁም። መጋቢው ሲወጣ ነገርኩት፤ ኮቱን ቁልቁል አየና ማይኩን ነቅሎ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ፤ ቃል አልተነፈሰም።

ማግስቱን ሱቅ ዳቦ ልገዛ ሄድኩ። ባለሱቁ ሙስሊም ነው፤ በሰፈሩ የቆየ ሰው። ይስቅብኛል ብዬ አንገቴን ደፍቻለሁ። ዳቦውን እየጠቀለለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እና ሰዎቹ ታረቁ?» አለኝ። አልታረቁም ነበር። «ኧረ አስታርቋቸው፤ ትልልቅ ሰዎች ናቸው» አለኝ። እኔ ዘጠኝ ዓመት ስብከት ለዚህ ሰው አስተላልፌያለሁ፤ ይመስለኛል መጀመሪያ ከልቡ ያዳመጠን ያን ቀን ነው።

የሚቀጥለው እሁድ መብራት አልነበረም፤ ጄኔሬተሩም አልነሣ አለ። (ቤንዚን አልነበረውም። ያም የኔ ጥፋት ነው።) መጋቢው ከመድረክ ወርዶ በወንበሮቹ መካከል ቆመ። ስለ ኤፌሶን ተናገረ። ጳውሎስ ጢሞቴዎስን የተወው እዚያ ነው፤ የትእዛዝ ግብ ፍቅር ነው ብሎ የጻፈለትም እዚያ ሳለ ነው። በራእይ መጽሐፍ ደግሞ ያችው የኤፌሶን ቤተ ክርስቲያን ድካሟ ተቆጥሮላት፣ ሐሰተኞችን መርምራ መለየቷ ተመስግኖላት፣ «የቀደመውን ፍቅርህን ትተሃል» ተብላለች። መጋቢው እዚህ ጋ ቆም አለና፣ «አገልግሎቱ አንድ ቀን አልተቋረጠም ነበር እኮ» አለ፤ ሌላ ማብራሪያ አልጨመረም። ቀጥሎ ጄሮም የተባለው የጥንት ሊቅ በገላትያ ማብራሪያው ላይ ስለ ሐዋርያው ዮሐንስ ያቆየውን አወራልን። ዮሐንስ በኤፌሶን አርጅቶ ደቀ መዛሙርቱ በእጃቸው ተሸክመው ወደ ጉባኤ ያስገቡት ነበር አሉ። ረጅም መናገር ስለማይችል ሁልጊዜ «ልጆቼ ሆይ፣ እርስ በርሳችሁ ተዋደዱ» ብቻ ይል ነበር። ሰልችቷቸው ለምን ይህንኑ ትደጋግማለህ ቢሉት፣ የጌታ ትእዛዝ ነው፤ ይህ ብቻ ከተደረገ ይበቃል አላቸው።

ይህን ሲናገር ከኋላ ኮሽታ ሰማን። ሁለት ወጣቶች እማማን ከነወንበራቸው አንሥተው ወደ ፊት እያመጧቸው ነው። ማንም አላዘዛቸውም። እማማ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ፣ «ኧረ አውርዱኝ፣ እንዴት ያሉ ባለጌዎች ናቸው!» ይላሉ፤ ይስቃሉ። መጋቢው እግር ሥር አስቀመጧቸው። ሲያልቅ ጉንጩን ስመው «ዛሬ ሰማሁህ» አሉት።

በ92 ሺህ ብር ያልሆነው በአንድ ወንበር ሆነ ብዬ እዚህ ላይ ብጨርስ ደስ ባለኝ። ግን በሚቀጥለው ሳምንት እማማ ፊት አልቀመጥም ብለው በሩ አጠገብ ተመለሱ። «በየደቂቃው ስወጣ ሰው ሁሉ ያየኛል፤ አፍራለሁ» አሉ። እውነታቸውን ነው። ሰውን ካለበት ቦታ አንሥተን ለኛ በሚመቸን ቦታ ማስቀመጥም መፍትሔ አልሆነም። ስለዚህ እኔ ወደ ዕቃው ተመለስኩ።

የበሩን ሞንታርቦ ወደ ውስጥ ያዞሩት እነዚያው «ሰፈሩ ይስማ» ያሉት ሽማግሌ ናቸው። አልተነጋገርንበትም፤ ቅዳሜ መጥተው ማቆሚያውን ያዙልኝ፤ እኔ ስፒከሩን አነሣሁ። እማማ ከሚቀመጡበት ሦስት ሜትር ያህል ርቆ፣ ከራስ በላይ ከፍ ብሎ፣ ወደ እሳቸው ወንበር ትንሽ አጎንብሶ ቆመ። ድምፅ በሜዳ ላይ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከመድረክ ከመጮህ ቀርቦ ዝቅ ማለት ይሻላል። ከጀርባው ባለችው ትንሽ ስክሪን ላይ ዲሌይ፣ ማለትም ድምፁን ጥቂት አዘግይቶ የሚለቅ ማስተካከያ አለ፤ ይህን አገኘሁ ብዬ እንደ ልጅ ነው የዘለልኩት። ከመድረክ እስከዚያ 14 ሜትር ነው፤ ድምፅ 41 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ያንን ስሞላለት ከመድረክና ከአጠገብ የሚመጣው ድምፅ አንድ ላይ ገባ። ለስብከት ከ120 ኸርዝ በታች ያለውን ቆረጥኩት፤ ከ2 ሺህ እስከ 4 ሺህ ያለውን ትንሽ ከፍ አደረግኩ። ዘማሪዎቹ «ቤዙን በላኸው» ብለው አኮረፉኝ፤ አንዷ እስካሁን ሰላምታዋ ቀዝቃዛ ነው። ሱቁ ደጃፍ የስልኬ ልኬት ወደ 58 ወርዷል። 55 አልደረሰም።

ነርሷ ቤት ሁለቱም ሽማግሌዎች አብረው ሄዱ፤ ቡናና ስኳር ይዘው። አብረው ሄዱ ስል አብረው ተመለሱ ማለቴ አይደለም፤ አንደኛው ቀድመው ወጡ። ሆኖም በወሩ መጨረሻ የጌታ እራት ሲቆረስ ሁለቱም ነበሩ። የአዳር ጸሎታችን አሁን ያለ ማይክ ነው። ወጣቶቹ ሞቅ አይልም ይላሉ፤ እውነት ነው፣ እንደ ድሮው አይሞቅም። እኔ ግን ሚክሰር ስለሌለ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ዓይኔን ጨፍኜ መጸለይ ቻልኩ።

ዕቃውን ግዙ ወይ ለምትሉ፦ ስፒከሩን ግዙት፤ ለዋጋው መልካም ነው፤ ዲሌዩ ብቻ ይበቃዋል። የኮት ማይኩን አትግዙ፤ ከገዛችሁ ደግሞ ፕላስተር ለጥፋችሁበት «ተነቅሏል?» ብላችሁ ጻፉበት፤ እኛ እንደዚያ አድርገናል። ከስፒከሩ ጋር የሚመጣው ገመድ 5 ሜትር ነው፤ ከኋላ ለማቆም 20 ሜትር ያስፈልጋችኋል፤ ሰው እንዳያደናቅፍ በግድግዳው አዙሩት፤ በተለይ በሩ አጠገብ።